በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ

መስከረም 28

ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? በየደብዳቤው ራስ ላይ «እኔ ደህና ነኝ» እያልኩ ቀለም ከማባክን፣ ደህና ያልሆንኩ ቀን ብቻ እጽፋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ለዚያ ነው፤ ደህና ነበርኩ። እማዬ ግን ዝምታዬን በሌላ ተርጉማ አራት ጊዜ ደወለች። ይቅርታ፤ ውሳኔው ተሽሯል።

ስልኩን ትተን እንጻጻፍ ያልከውንም ተቀብያለሁ። ቀኑን ሙሉ በምትሠራበት አሳንሰር ውስጥ ኔትዎርክ እንደሌለ አውቃለሁ። ሰው በስልክ «ደህና ነኝ» ሲል ፊቱ አይታይም፣ በደብዳቤ ግን ቢያንስ የእጅ ጽሑፉ ይታያል ያልከው ደግሞ ትንሽ አስፈርቶኛል። ለዚህ ነው በጥንቃቄ የምጽፈው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አይ ጋሼ፣ አብራሪነት መሪ መያዝ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪሞች ዐይኔን፣ ጆሮዬን፣ ልቤን አገላብጠው አዩ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየቴንም አረጋገጡ። ከዚያ ስድስት ወር ወንበር ላይ ተቀምጬ የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የካርታ ትምህርት፣ ሞተርና ክብደት ተማርኩ። ገና መሬት ሳልለቅ አሥራ አራት ፈተና ተፈተንኩ። አሁን መብረር ጀምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር፣ ቀጥሎ ብቻዬን እዚሁ ዙሪያ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ሩቅ፣ በመጨረሻ ውጭውን እንዳላይ ግንባሬ ላይ መከለያ ታስሮ በመሣሪያ ብቻ። ሁለት መቶ ሰዓት ሲሞላኝ ከውጭ ፈታኝ ይመጣል። ካሳለፈኝ ሰው ጭኜ ደመወዝ መብላት እችላለሁ። ካላሳለፈኝ በሰፈራችን ስለ ደመና ብዙ የምታውቅ ሥራ ፈት እሆናለሁ።

አስተማሪዬ «ካፒቴን ዝም» ይባላሉ። ስሙን ያወጣነው እኛ ተማሪዎቹ ነን። ጎማው መሬት ሲነካ «እህ» ካሉ ጥሩ አርፈሻል ማለት ነው፤ ምንም ካላሉ አላረፍሽም፣ ወድቀሻል።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ


ጥቅምት 14

ችኩሌ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። በምድር ቤትና በስድስተኛ ፎቅ መካከል አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት።

ይህን ስም አትተወውም ወይ ትይኝ ነበር። ልጄ፣ በሰባት ወርሽ ነው የተወለድሽው። ሌላው ሁለት ወር ጠብቆ የሚመጣበትን ዓለም አንቺ በር ገፍተሽ ገባሽ፤ ከዚያ ወዲህም ሰልፍ ላይ ቆመሽ አይቼሽ አላውቅም። ፈቃድሽን የያዝሽ ዕለት ስምሽን እቀይራለሁ። እስከዚያ ቻይው።

እናትሽ «በቤተሰባችን የመጀመሪያዋ በራሪ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። እኔን የት ጥላኝ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አርባ ጊዜ ሽቅብ ወጥቻለሁ፤ በቀን አርባ ጊዜም ወርጃለሁ። ኃላፊ፣ ባለጉዳይ፣ መዝገብ የተሸከመ ጸሐፊ፣ ሁሉንም አድርሻለሁ። የእኔና የአንቺ ልዩነት እኔ ወደ ጎን አለመሄዴ ብቻ ነው።

እናትሽ ጠይቅልኝ ያለችኝን ልጠይቅ፤ ሞተሩ ቢጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ መብራት ሲጠፋ የማደርገውን ነገርኳት። «ተረጋጉ» እላለሁ፣ ከዚያ መካኒኩ እስኪመጣ መጽሐፌን እቀጥላለሁ። አላረካትም።

መጽሐፍ ካልኩ፣ መዝገብ ቤቱ ያረጁ መጻሕፍት ሲጥል እኔ እንደምለቅም ታውቂያለሽ። የሚጥሉት ሁሌ ቅጽ አንዱን ነው፤ ቅጽ ሁለት የት እንደሚሄድ እንጃ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አንብቤ፣ አንድም ታሪክ እንዴት እንዳለቀ የማላውቅ ሰው ሆኛለሁ። ስለዚህ አንቺ በደንብ ጨርሰሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 5

ጋሼ፣

ለእማዬ ንገርልኝ፤ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወርድም፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የአብራሪው ሥራ የሚያርፍበትን ቦታ ቶሎ መምረጥ ነው። ካፒቴን በየሳምንቱ ሳላስበው የሞተሩን ጉልበት ዝቅ አድርገው «የት?» ይሉኛል። ማሳ አሳያቸዋለሁ። «እህ» ይላሉ፤ ሞተሩን መልሰው ከፍ ያደርጉታል። እስካሁን የሰው ጎመን አልረገጥኩም።

ዋናው ወሬ ሌላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ አሳርፌ መንደርደሪያው ጫፍ ስንደርስ ካፒቴን ቀበቷቸውን ፈቱ። በር ከፍተው ወረዱ። «ሂጂ» አሉኝ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻዬን በረርኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደሚቀል ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ከለመድኩት ቀድሞ ከመሬት ተነሳ። ፍርሃት ነበረሽ ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መሬት ከወረድኩ በኋላ ነበረኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 17

ወፌ ቆመች!

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሚቀጥለው ሰው ስድስተኛ ፎቅ እየጠራ ነው፤ ኃላፊው ይመስሉኛል፣ ደወሉን ደጋግመው ይጫናሉ። ይጫኑ። እናትሽ እያለቀሰች ነው፤ ደስ ብሏት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 6

ጋሼ፣

ረጅሙን በረራ ሐሙስ ጨረስኩ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ያለሱ ማንም ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። ብቻህን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትበርራለህ፤ በመንገድ ሁለት ማረፊያዎች ላይ ወርደህ፣ በየደረስክበት የማረፊያው ሰው «እዚህ ደርሳለች» ብሎ ወረቀትህ ላይ ፈርሞ ማህተም ይመታልሃል።

የመጀመሪያው ማረፊያ እንዴት እንደሚያምር ልንገርህ! መቆጣጠሪያ ማማ አለው፤ ማማው ላይ ያለችው ሴትዮ ድምፅ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይመስላል። ስወርድ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። ነዳጅ ሞላሁ፣ ጎማ አየሁ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው። ከመንደርደሪያው ጎን ሁለት ፍየሎች ታስረው ነበር፤ አንዷ ነጭ ናት።

በሁለተኛውም ወርጄ ተመልሻለሁ። ወረቀቱ ተፈርሟል።

የእማዬ ወገብ እንዴት ነው?

ልጅህ


የካቲት 15

ችኩሌ፣

የእናትሽ ወገብ ደህና ነው፤ ጠይቀሽ የማታውቂውን ነገር በመጠየቅሽ ግን ተገርማለች።

ደብዳቤሽን ስድስት ጊዜ አነበብኩ። ስለ መጀመሪያው ማረፊያ የማማውን፣ የሻዩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የፍየሎቹን ቀለም ሳይቀር ጽፈሻል። ስለ ሁለተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው ማረፊያ ፍየል የለውም?

አጎትሽ


መጋቢት 2

ጋሼ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። መከለያውን ማሰር ጀምረናል፤ የፊት መስኮቱ አይታየኝም፤ የሚታዩኝ መሣሪያዎቹ ብቻ ናቸው። በጣም የሚገርም ነገር ነው፤ ሰውነቴ «ወደ ግራ እየዞርሽ ነው» ብሎ ይምላል፤ መሣሪያው «ቀጥ ብለሻል» ይላል። ሁልጊዜ የሚዋሸው ሰውነቴ ነው። ካፒቴን ዛሬ ሦስት ቃል ተናገሩ፤ «ለስሜትሽ ጆሮ አትስጪ» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሊሰማ መጣ።

ፍየል አላየሁም።

ልጅህ


መጋቢት 10

ልጄ፣

እሺ። ፍየሉን ተውኩት። ሰው ሦስተኛ ፎቅ ብሎኝ አራተኛ ሲወርድ «የት ነው የሚሄዱት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ አንቺንም አልጠይቅም። በሩን ግን ክፍት አድርጌ ቆሜያለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ጋሼ፣

አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን ሳላነበው አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከተው ነው። የእጅ ጽሑፌን እንዳየህ እየው።

የካቲት ላይ በሁለተኛው ማረፊያ አላረፍኩም።

ያረፍኩት ሌላ ቦታ ነው። የዚያን ቀን ከፊት የሚመጣው ንፋስ ከተነገረኝ በላይ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቴን ብቻ ነበር የማየው። «በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ማረፊያው ከፊትሽ ይታያል» ብዬ በወረቀት አስልቼ ነበር። በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ከፊቴ ሜዳ ታየኝ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ አቅጣጫውም የምፈልገው። ካርታው ወንዝ በግራ በኩል ይላል። የነበረው ውኃ በቀኝ ነው፤ ያውም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፤ የእርሻ ቦይ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ወንዙ ቦታ ቀይሯል ብዬ አሰብኩ። በእውነት።

እዚያ ማረፊያ ማማ የለም፤ በሬዲዮ ለባዶው አየር «ልወርድ ነው» ብሎ መውረድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመልስ ሰው እንደማይኖር ነግረውኝ ስለነበር ዝምታውም አላስጠረጠረኝም። ወረድኩ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰውዬ በብስክሌት መጣ።

«የተባይ መድኃኒት የምትረጪው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ፊርማና ማህተም።»

«እሱስ ሞልቷል» አለኝ፤ ወረቀቴን ይዞ ሄዶ በአምስት ደቂቃ መለሰልኝ። ይህን ሁሉ ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም፤ ችኮላ ላይ ነበርኩ። ተነሳሁ። ስድስት ደቂቃ እንደበረርኩ ወንዙ በግራዬ መጣ። ከአጠገቡ ማረፊያው፣ ስሙ በነጭ ቀለም መሬት ላይ ተጽፎ። እላዩ ላይ አንድ ጊዜ ዞርኩ። ሰዓቱ ሄዶ ነበር፤ ወረቀቱም ተፈርሟል፤ ወደ ቤት መራሁት።

ማታ ነው ማህተሙን ያነበብኩት። ክብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ከፊርማው በላይ እንዲህ ይላል፦ «ከላይ የተጠቀሰውን ዕቃ በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ።» የእርሻ ልማቱ የንብረት ክፍል ነው።

በማግስቱ ለካፒቴን ሰጠኋቸው። ክብ ማህተም አዩ፣ ከሥሩ ፈረሙ፣ «እህ» አሉ። ይኸው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፤ ማንም አላነበበውም።

ግንቦት መጀመሪያ ፈታኙ ይመጣል፤ ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ። ዝም ካልኩ አልፋለሁ፤ የበረራ እጄ ጥሩ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ከተናገርኩ በረራው ይሰረዛል፣ ከቡድኔ እወጣለሁ፣ ምናልባትም ከትምህርት ቤቱ። ካፒቴንም ይጠየቃሉ። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ ጋሼ፤ የእርሻው ሜዳ ላይ ስወርድ እርግጠኛ ነበርኩ። በትክክለኛው ቦታ ስወርድ ከሚሰማኝ እርግጠኝነት ጋር አንድ ነው፤ ቅንጣት አይለይም። ይህን ለማንም ካልነገርኩ፣ እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምረኝ ማን ነው? አንድ ቀን ከኋላዬ ሰባ ሰው ይቀመጣል።

ምን ላድርግ?

ልጅህ


ሚያዝያ 1

ልጄ፣

ምን ላድርግ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

እንዴት አወቅህ አትበይኝ፤ ዝም ብዬ አውቃለሁ። በአሳንሰሬ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ወረቀት አለ፤ «ተመርምሮ ለአገልግሎት ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ መርማሪው መጥቶ አዲስ ወረቀት ይፈርማል። ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ይወጣል። ኃላፊው ቢሮ ቁጭ ብሎ ይፈርማል፤ በደረጃ ይወርዳል። አንድ ጊዜ «ለምን በእኔ አትወጣም?» ብለው «ለጤናዬ ነው» አለኝ። የእግር መንገድ ለጤና ጥሩ ነው ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ። አንቺ ወንዙ ቦታ ቀይሯል ብለሽ የለ? እኔም እንደዚያ።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ። ከሥሩ «አንቀሳቃሹ» በሚለው ቦታ የምፈርመው እኔ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ስንቆም አራት ጣት ዝቅ እንላለን፤ «ጠንቀቅ እያላችሁ» እላለሁ፣ ሰውም ለምዶታል። ስለዚህ ከእኔ ምክር አትውሰጂ። ቅጽ አንድን ብቻ ያነበበ ሰው ነኝ።

ያደረግሽውን ጻፊልኝ፤ ምንም ይሁን ምን ለእናትሽ የምነግረው እኔ ነኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 14

ጋሼ፣

ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ለቢሮው ልንገር ብዬ ነበር፤ ከዚያ ከሥሩ የፈረሙት እሳቸው ናቸውና ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ወደ ካፒቴን ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እርሳስ እየቀረጹ ነበር።

«ካፒቴን፣ የረጅሙ በረራዬ ወረቀት ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ማህተሙን ያንብቡት።»

መነጽራቸውን ፈለጉ። ግንባራቸው ላይ ነበር፤ ለመናገር አልደፈርኩም። አገኙት፤ ማህደሬን አወጡ፤ ጮክ ብለው አነበቡ። «ከላይ የተጠቀሰውን ዕቃ በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ።

«ዕቃው አንቺ ነሽ?»

«ይመስለኛል።»

«የፈረመው ማን ነው?»

«የእርሻው ንብረት ክፍል።»

«ከሱ በታችስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ብዙ ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ ሁሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ይኼኛው አዲስ ነው። ከዚያ ካርታ ዘርግተው «አሳዪኝ» አሉ። ንፋሱን፣ ደቂቃውን፣ ቦዩን፣ ሁሉንም አሳየሁ። ወንዙ ቦታ ቀይሯል ያልኩት ላይ ስደርስ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«በሰዓቱ የመጣ ውሸት ነው» አሉ። «ሰው የሚጠብቀው ነገር በሚጠብቀው ደቂቃ ሲመጣ ፊቱን አያየውም። እኔም ማህተም ጠበቅሁ፣ ማህተም መጣልኝ።» በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «በማግስቱ ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር። ዛሬ ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

አብረን ሄድን። ቢሮ በር ላይ ቀድመውኝ ገቡ።

የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰኞ ወሰነ። በረራው ተሰርዟል። ከቡድኔ ወጥቻለሁ፤ ጓደኞቼ ግንቦት ላይ ይፈተናሉ፣ እኔ አልፈተንም። እስከ ሰኔ መሬት ላይ ነኝ፤ በበረራ ዕቅድ ክፍል የንፋስ መረጃ እጽፋለሁ። ከዚያ ያንኑ በረራ እደግማለሁ፤ ውሳኔው ላይ «በማረፊያው ኃላፊ ፊት ቀርባ፣ በራሱ እጅ አስፈርማ» ተብሎ ተጽፏል። ካፒቴን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሁለት ወር ተማሪ ብቻውን አይልኩም። ተማሪ እንዲቀየርላቸው ተጠይቀው «አይቀየርም» አሉ አሉ።

አንዱ የቡድናችን ልጅ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ተረተብኝ። እውነቱን ነው፤ እየለቀምኩ ነው።

ልጅህ


ሚያዝያ 29

ልጄ፣

ለእናትሽ ነገርኳት። «ተናገረች ወይስ ተያዘች?» ብላ ጠየቀችኝ። ተናገረች አልኳት። «እንግዲያው ራት እንብላ» አለች። የተፈራው ይኸው ነበር።

ከአሥር ቀን በፊት መርማሪው መጣ። ሰላም ብሎኝ ወደ ደረጃው ሊያመራ ሲል በሩን ከፍቼ «ግባ» አልኩት።

«ለጤናዬ እኮ ነው» አለኝ።

«ለጤናህ እንደሆነ ገብቶኛል። ዘንድሮ ግን ለእኔ ጤና ግባልኝ።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ? እስከዛሬ ስንት ዓመት ተፋቅረን ኖረን!»

«ካልገባህ አልፈርምም።»

ዐየኝ፤ አሳንሰሩን ዐየ፤ እንደገና እኔን ዐየ። አልገባም። እኔም አልፈረምኩም። ያልተፈረመ አሳንሰር ደግሞ ሕጉ አይንቀሳቀስም ይላልና በሩ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፌ አጠገቡ ወንበሬን አወጣሁ። ኃላፊው በየጠዋቱ ስድስት ፎቅ እየወጡ በየፎቁ ስሜን ይጠራሉ፤ አራተኛ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸውና ከዚያ በላይ አይሰማም። ጸሐፊዎቹ «ጋሼ ደረጃ» ብለውኛል።

ባለፈው ሳምንት መካኒኮች መጥተው የአሳንሰሩን ጣራ ከፈቱ። ያገኙትን ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ለአንቺም አልጽፍልሽም። ብቻ አሁን እኔም ደረጃ መውጣት እወዳለሁ።

ጓደኞችሽ በሚፈተኑበት ቀን ምን እንደምታደርጊ አስቢበት። ክፍልሽ ውስጥ አትቀመጪ። ሄደሽ አጨብጭቢላቸው።

አጎትሽ


ግንቦት 11

ጋሼ፣

አጨበጨብኩ። ከዘጠኙ ስምንቱ አለፉ። ትከሻቸው ላይ ወርቃማ መስመር ተደርጎላቸው ፎቶ ሲነሱ ፎቶ አንሺው ዕቃ የሚይዝለት ሰው አጥቶ እኔን «እህቴ፣ ይህን ያዢልኝ» ብሎ ቦርሳውን አስያዘኝ። በሁሉም ፎቶ ላይ ከዳር የሚታየው ቦርሳ የያዘ እጅ የእኔ ነው።

ማታ አላለቀስኩም። ጠዋት ትንሽ።

ስለ ንፋስ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። የንፋስ መረጃ መጻፍ አሰልቺ አይደለም። በየሰዓቱ የሚነግሩን ንፋስና ተማሪዎች በመንገድ የሚያገኙት እንዴት እንደሚለያይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ካፒቴን ዐዩት። «እህ» አሉ።

ልጅህ


ሰኔ 19

ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ክንፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ነኝ። ወንዙ በግራ ነው፤ ስሙ መሬት ላይ በነጭ ተጽፏል፤ ከመውረዴ በፊት ሁለት ጊዜ ዞሬ ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ። ያረፍኩት ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው።

የምትጠብቀውን ወሬ አሁኑኑ ልጽፍልህ በቻልኩ። ፈታኙ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ብቻ። ዛሬ ይህን በረራ ጨርሼ ወረቀቱን ባስረክብ ነገ እፈተን ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ከዚህ መነሳት አልተፈቀደልኝም፤ ጨለማ መንገድ ላይ እንዳይዘኝ።

እዚህ ያገኘሁት የእሳት አደጋ መኪናውን ሹፌር ብቻ ነው። መኪናው ጎማ የለውም፤ እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል።

«ኃላፊው የት አሉ?» አልኩት።

«ምሳ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲጠግብ።»

እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሹፌሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ያስጨንቅሻል? ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ልምታልሽና ሂጂ።»

«ፊርማውስ?»

«የሱን ፊርማ ከእሱ ይልቅ እኔ አሳምራለሁ።»

«አይ፣ እጠብቃለሁ።»

«አርፈሻል አይደል? በዐይኔ አየሁሽ እኮ! ውሸት የለበት።»

«የለበትም። ግን ወረቀቱ በኃላፊው እጅ ይላል።»

«አንቺ ልጅ፣ ግትር ነሽ።»

«በቅርብ ነው የጀመረኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ግማሽ ዳቦ ሰጠኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ለካፒቴን ደወልኩ።

«ኃላፊው አልመጡም።»

«ነዳጅ?»

«በቂ ነው።»

«አየሩ?»

«ጥርት ያለ ነው።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«ፊርማው።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ዐየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ፈታኙ ነገ ናቸው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ከነገ በኋላ የሚመጡት ነሐሴ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ካፒቴን።»

«ገመድ ይዘሻል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ።»

«ክንፎቹን አጥብቀሽ እሰሪ። ማታ እዚያ ንፋስ አለ።»

አሰርኩ፤ ሁለቱንም ክንፍ፣ ጭራውንም። ሹፌሩ ቋጠሮዬን አይቶ አንዱን ፈትቶ በራሱ መንገድ አሰረው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ኃላፊው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ መጡ። ወረቀቴን ተቀብለው ቆመው አነበቡት፤ እያንዳንዱን መስመር፣ በጣታቸው እየተከተሉ። የተነሳሁበትን፣ ሰዓቱን፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር። ሄደው ቁጥሩን ከጭራው ላይ አመሳከሩ። «ልክ ነው» አሉ፤ ፈረሙ፤ ማህተሙ ላይ በአፋቸው ተንፍሰው መቱት። «ታዲያ ለምን አልሄድሽም? ለዚህ ብለሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ አፈሩ መሰለኝ፤ ሻይ አፈሉ።

ነገ ጠዋት እነሳለሁ። ፈተናው ነሐሴ ነው። እስከዚያ ንፋስ እጽፋለሁ።

እማዬ ደብዳቤው እስኪደርስ እንዳትጠብቅ ዛሬውኑ እደውልልሃለሁ፤ ምድር ቤት ከሆንክ ታነሳለህ። እንዲህ በላት እልሃለሁ፤ ነገ ፈተና የለኝም፤ ዛሬም ቤት አልገባም፤ ራቴን በልቻለሁ። ያለሁበትን ቦታ ግን አውቃለሁ።

ልጅህ